የስደተኛ ሕፃናት ትምህርትና የኅብረተሰቡ ድጋፍ፦ ከአንድ ቀን ዝግጅት ወደ ዘላቂ ዕቅድ

በየዓመቱ ሰኔ 13 ቀን የሚከበረው የዓለም የስደተኞች ቀን በተቃረበ ቁጥር የእግር ጉዞዎች፣ የጎዳና ላይ ሩጫዎች፣ ባዛሮችና የገቢ ማሰባሰቢያ ምሽቶች በተለያዩ አገሮች ይዘጋጃሉ። የአብዛኞቹ ዓላማ ስለ ስደተኞች ሁኔታ ግንዛቤ ማስጨበጥና በተለይም ለሕፃናቱ ትምህርት የሚውል ገንዘብ ማሰባሰብ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን ተቀብላ ለምታስተናግደው ኢትዮጵያ ጉዳዩ የአንድ ቀን በዓል ብቻ አይደለም። በዚህ መንገድ የሚሰበሰበው ድጋፍ የትኛውን ክፍተት እንደሚሞላና የትኛውን ሊሞላ እንደማይችል መለየት በዘርፉ ለሚሠሩ የመንግሥት አካላት የዕቅድ ጥያቄ ነው።

ሀገሪቱ በዚህ ረገድ የገባችው ግዴታ በሕግ የተደነገገ ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 አንቀጽ 24 ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች በቅድመ መደበኛና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያውያን እኩል እንዲስተናገዱ ይደነግጋል። የሁለተኛ ደረጃ፣ የቴክኒክና ሙያ እንዲሁም የከፍተኛ ትምህርት ዕድል ግን አገሪቱ ባላት አቅም ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ተደርጓል። የድጋፍ ጥያቄው በጉልህ የሚነሳውም አቅም በሚወስነው በዚህ እርከን ላይ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የትምህርት ሪፖርት ይህንኑ ያሳያል። በሪፖርቱ መሠረት በዓለም ላይ ለትምህርት ከደረሱት 14 ነጥብ 8 ሚሊዮን ስደተኛ ሕፃናት መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ከትምህርት ገበታ ውጪ ናቸው። መረጃ በሰጡ አገሮች የአንደኛ ደረጃ ተሳትፎ 65 በመቶ ሲሆን፣ በሁለተኛ ደረጃ ወደ 41 በመቶ፣ በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ ወደ 6 በመቶ ያሽቆለቁላል። ሕፃኑ ትምህርት ቤት መግባቱ ብቻ ሳይሆን በዚያው መቆየቱም ትኩረት እንደሚሻ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአገራችን የጉዳዩን ክብደት ለመገንዘብ የጋምቤላን ክልል መመልከት ይበቃል። በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ ቁጥር ከ300 ሺህ ብዙም የዘለለ አልነበረም። በደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ግጭት ከተቀሰቀሰ በኋላ ትርኪዲ፣ ኩሌ፣ ጀዊና ንጉኝዬል የተባሉት መጠለያዎች በተከታታይ ተከፍተው፣ ክልሉ የሚያስተናግደው ስደተኛ ቁጥር ከ350 ሺህ በላይ ደርሷል። ከእነዚህም አብዛኞቹ ሕፃናትና ሴቶች ናቸው። ለአንደኛ ደረጃ በአንድ መምህር 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ ደግሞ 40 ተማሪ የሚለውን ብሔራዊ መስፈርት በመጠለያዎቹ ማሟላት አዳጋች ከመሆኑም በላይ፣ በአካባቢው ያሉ የተቀባዩ ኅብረተሰብ ትምህርት ቤቶችም በራሳቸው እጥረት ውስጥ የሚገኙ ናቸው።

የሕዝብ ተሳትፎ ምን ያህል አቅም ሊፈጥር እንደሚችል የሚያሳዩ ተሞክሮዎች አሉ። የአይኪያ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ባካሄደው ዘመቻ፣ ደንበኞች ከገዙት እያንዳንዱ የአምፖል ምርት አንድ ዩሮ ለስደተኞች እንዲውል ተደርጎ በጥቅሉ ከ30 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሰብስቧል። ገንዘቡ በኢትዮጵያ፣ በቻድ፣ በባንግላዴሽና በዮርዳኖስ ለብርሃን፣ ለኃይል አቅርቦትና ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ውሏል። ከፍተኛ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረው ዘመቻ በበኩሉ ሰዎች በእግር፣ በሩጫ ወይም በብስክሌት የሚጓዙትን ርቀት እንዲያስመዘግቡና ስደተኞች ደኅንነት ፍለጋ የሚያቋርጡትን ርቀት በጋራ እንዲያካክሱ የጋበዘ ነበር። የመጀመሪያው ከአነስተኛ ገንዘብ ብዙ መሰብሰብ እንደሚቻል ሲያሳይ፣ ሁለተኛው ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት የሚቻልበትን መንገድ ያመለክታል።

እንዲህ ያለው አሠራር ለኢትዮጵያ ኅብረተሰብም እንግዳ አይደለም። ደቦ፣ እድርና እቁብ ችግርን በጋራ የመወጣት ነባር ዘዴዎች ናቸው። በትምህርቱ ዘርፍም ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም የጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ኅብረተሰቡ በገንዘብ፣ በቁሳቁስና በጉልበት የትምህርት ቤቶችን ደረጃ በማሻሻል እንዲሳተፍ ያደረገ ነው። ስደተኞችና ተቀባዩ ኅብረተሰብ ጎን ለጎን በሚማሩባቸው ወረዳዎች ይህንኑ ልምድ መጠቀም ይቻላል።

ይሁንና በአንድ ቀን ዝግጅት የሚገኘው ገንዘብ ባሕርይው በውል ሊታወቅ ይገባል። ደብተር፣ የደንብ ልብስ፣ መቀመጫ ወንበርና አንድ የመማሪያ ክፍል በዚህ መንገድ ሊሟሉ ይችላሉ። የመምህር ደመወዝና የመጻሕፍት አቅርቦት ግን በየዓመቱ የሚደጋገሙ ወጪዎች ናቸው። በመጠለያዎች ከሚያስተምሩት መካከል አነስተኛ የማበረታቻ ክፍያ የሚያገኙ ስደተኛ መምህራን ይገኛሉ። ክፍያው በተቋረጠ ጊዜ የተገነባው ክፍል ያለ መምህር ይቀራል። ከፍተኛ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 በገንዘብ እጥረት ሳቢያ ወደ 3 ሺህ 500 የሚጠጉ የሥራ መደቦችን እንደሚሰርዝ ማስታወቁ ሲታሰብ፣ ይህ ስጋት የሩቅ አለመሆኑ ግልጽ ነው። የኅብረተሰቡ መዋጮ የለጋሾችንና የመንግሥትን መደበኛ በጀት ይደግፋል እንጂ አይተካም።

ከዚህ አኳያ ሦስት ነጥቦች ትኩረት ይሻሉ። አንደኛው፣ ማንኛውም የድጋፍ ዝግጅት ከመካሄዱ በፊት ከወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤትና ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ጋር መናበብ ይኖርበታል። አለዚያ አንዱ ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ደብተር ሲያገኝ ሌላው ባዶውን ይቀራል። ሁለተኛው፣ ድጋፉ ለስደተኛውም ለተቀባዩም ኅብረተሰብ ልጆች እንዲደርስ ማድረግ ነው። በአንድ አካባቢ ለሚኖሩ ሁለት ሕፃናት የተለያየ ዕድል መስጠት ቅሬታን የሚፈጥር ሲሆን፣ የጋራ ትምህርት ቤት ግን አብሮ መኖርን ያጠናክራል።

ሦስተኛው ተጠያቂነት ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። መዋጮ የሚሰበስቡ አካላት ምን ያህል እንደሰበሰቡና በምን ላይ እንዳዋሉት ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት በይፋ ቢያሳውቁ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚለግሰው ሰው ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

የግንዛቤ ማስጨበጡ ሥራም ለለጋሾች ብቻ የሚቀርብ ሊሆን አይገባም። ሴት ልጆች ያለዕድሜ ጋብቻና የቤት ውስጥ ሥራ ጫና ከትምህርት እንዳያቋርጡ ከወላጆች፣ ከሃይማኖት አባቶችና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር የሚደረግ ውይይት ከማንኛውም መድረክ ያልተናነሰ ውጤት አለው። በጥቅሉ ሲታይ፣ የዝግጅቶቹ ፋይዳ የሚለካው በዕለቱ በተገኘው ሕዝብ ብዛት ሳይሆን፣ በቀጣዩ መስከረም በሚመዘገቡና እስከ ዓመቱ መጨረሻ በክፍላቸው በሚቆዩ ተማሪዎች ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር በየጊዜው መዝግቦ መከታተል ደግሞ በየደረጃው የሚገኙ የትምህርት አመራሮች ኃላፊነት ነው።