ለቮልዩሞቻችሁ ስም አውጡላቸው

ሰርቨር የምትተክሉ ወዳጆቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን፤ ኢንስቶለሩ የሰጣችሁን ስም እንዳለ ትታችሁ አትሂዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊኑክስ ላይ ኤልቪኤም የተባለው ዘዴ ዲስኮችን ሰብስቦ ቮልዩም ግሩፕ ያደርጋቸዋል፤ ከዚያ እየቆረሰ ሎጂካል ቮልዩም ያወጣል። አንዱ ቁራሽ ታዲያ እንደ አገራችን ሰው የመዝገብ ስምም የቤት ስምም አለው። የመዝገብ ስሙ ለምሳሌ /ዴቭ/ሂሳብ/ደሞዝ ነው። (በግዕዝ የጻፍነው ለእናንተ ብለን ነው። ኤልቪኤም ከላቲን ፊደል፣ ከቁጥርና ከአራት ምልክቶች ሌላ አይቀበልም፤ "ደሞዝ"ን ደግሞ ሦስት ሰው በላቲን ሦስት ዓይነት ይጽፈዋል።) ዲኤፍ ብላችሁ ስትጠይቁ ግን የሚመጣው /ዴቭ/ማፐር/ሂሳብ-ደሞዝ ነው። እዚህ ሰረዟ ግሩፑን ከቮልዩሙ ትለያለች። ስለዚህ በስሙ ውስጥ ሌላ ሰረዝ ካለ እጥፍ ይሆናል፤ "ሂሳብ-ክፍል" የተባለው ግሩፕ "ሂሳብ--ክፍል-ደሞዝ" ሆኖ ይወጣል። አልተበላሸም፣ አትደንግጡ።

ሁለቱም ግን ሊንኮች ናቸው። የሚጠቁሙት ወደ ዋናው የዲቫይስ ፋይል፣ ዲኤም-0፣ ዲኤም-1 ወደሚባለው ነው። ይህን ከርነሉ እንደ ወረፋ ቁጥር ያድለዋል፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ የዛሬው 0 ነገ 3 ሊሆን ይችላል። ኤፍኤስታብ ውስጥ እሱን የሚጽፍ ሰው ጎረቤቱን በባንክ ወረፋ ቁጥር እንደሚጠራ ነው።

የኛ ቅሬታ "ቮልግሩፕ00" እና "ሎግቮል00" ላይ ነው። የቀድሞዎቹ የሬድ ሃት ቤተሰብ ኢንስቶለሮች በነባሪነት የሚሰጡት ይህንን ነበር፤ ያኔ የተተከለ ዲስክ ሁሉ ሞክሼ ነው። ማዘርቦርድ ይቃጠላል፤ ዲስኩ ተነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ ይሰካል፤ እዚያም "ቮልግሩፕ00" ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ደሞዝ ነገ ነው፣ ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት ነው፣ የተከለው ልጅ ሥራ ለቋል። የቀረው ሰው ረጃጅም ዩዩአይዲዎችን እያነጻጸረ አንዱን በቪጂሪኔም መቀየር አለበት። የደሞዙን የሙከራ መስሎት በኤልቪሪሙቭ ቢያጠፋውስ?

"ዩዩአይዲው ይለየዋል" የሚሉን አሉ። ማሽኑን አዎን። እንቅልፍ ያጣውን ሰው ግን ያ ሁሉ ፊደልና ቁጥር ምንም አይነግረውም።

ስለዚህ ግሩፑን በማሽኑ ስም፣ ቮልዩሙን በሚይዘው ነገር ጥሩት። ቮልዩሙ ሥራ ከቀየረ ኤልቪሪኔም አለ፤ ማውንት እንደተደረገም ይሠራል። ከዚያ ኤፍኤስታብ ውስጥ ያለውን የድሮ ስም ማስተካከል ነው፤ የተቀየረው የሩት ከሆነ ደግሞ ቡት ሎደሩንም።