ሞተሩን እመኑት፣ ሻጩን ግን ጠይቁት

የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ነገር የታወቀ ነው፤ «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ደላላው ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን ያሳየዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ዋጋ ነው። ሦስተኛ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የለም። የመኪናው ቀለም ታይቶ፣ ስክሪኑ ተነክቶ፣ ብሩ ይከፈላል።

እኔ የምከራከረው ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለቱ ይበልጣል ብዬ ነው፤ «ከአምስት ዓመት በኋላ ቢበላሽ ማን ይሠራልኛል? በምን ዋጋ?» ይሄ ጥያቄ የገዢው ብቻ አይደለም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ አዲስ መኪና ማስገባት የሚፈልግ ሰው ሌላ ምርጫ የለውም። ምርጫውን የወሰነው መንግሥት ከሆነ ጥያቄውም ለመንግሥት መቅረብ አለበት ማለት ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ፖሊሲውን አልቃወምም። ነዳጅ በዶላር እንገዛለን፣ መብራት ግን ከራሳችን ወንዝ እናመነጫለን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይሄ ስሌት አያከራክርም። የሚያከራክረው ከመኪናው ግዢ በኋላ ያለው ነው።

እስቲ ከሞተሩ እንጀምር፤ ሰው በጣም የሚፈራው እሱን ስለሆነ። «ሞተሩ ከተቃጠለ አለቀ» ይባላል። እውነቱ ግን ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ በጣም የምትተማመኑበት ሊሆን የሚገባው ይሄው ሞተር ነው። የነዳጅ ሞተር ፒስተን፣ ቫልቭ፣ ቺንጊያ እያለ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተንቀሳቃሽ ዕቃዎች አሉት። የኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ የሚሽከረከረው በመሠረቱ አንድ ዘንግ ነው፤ በሁለት ጫፉ ኩሽኔታ ይዞታል። የሚቀየር የሞተር ዘይት የለም። ፍሪሲዮን የለም። ብዙዎቹ መኪኖች ካምቢዮአቸው ባለ አንድ ማርሽ ብቻ ነው።

ብቃቱም አይወዳደርም። የኤሌክትሪክ ሞተር ከሚያገኘው ኃይል ከ90 በመቶ በላዩን ወደ እንቅስቃሴ ይቀይራል። የቤንዚን ሞተር አብዛኛውን ኃይል ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለ፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን መኪና እዚህ ሲመጣ ጉልበቱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና የእንጦጦ ዳገት ላይ ያው ነው። ቁልቁለት ሲወርድም ፍሬን ከመብላት ይልቅ ባትሪውን መልሶ ይሞላል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ማስታወቂያ ላይ «150 ኪሎ ዋት» ተብሎ ይጻፋል። ይሄ በፈረስ ጉልበት 204 ገደማ ነው፤ የቮልስዋገን አይዲ 4 የኋላ ሞተር ማለት ነው። ትንሿ ቢዋይዲ ሲጋል 55 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 75 የፈረስ ጉልበት ገደማ አላት። ግን ይሄ ቁጥር ከፍተኛው ነው፤ ሞተሩ ለአጭር ጊዜ የሚያወጣው። ለረጅም ጊዜ ሳይግል የሚችለው ሌላ ቁጥር አለ። አውሮፓ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ተለክቶ በመኪናው ሰነድ ላይ ይጻፋል፤ በብዙ መኪኖች ከማስታወቂያው ቁጥር ግማሽ ገደማ ነው። ቤተሰብ ጭኖ ረጅም ዳገት ለሚወጣ ሰው የሚጠቅመው ይሄኛው ቁጥር ነው። ደላላ ሲናገረው ግን ሰምቼ አላውቅም።

የኪሎ ሜትሩም ነገር እንዲሁ ነው። ሲጋል ትልቁን ባትሪ ይዛ 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች የሚባለው በቻይና መለኪያ፣ በሲኤልቲሲ ነው። ይሄ መለኪያ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሚሰጠው ቁጥር ከአውሮፓው መለኪያ ይበልጣል። ወደ አዳማ በፈጣን መንገድ የሚሄድ ሰው ያንን ቁጥር አይጠብቅ።

ታዲያ የሚበላሸው ምንድነው? ሞተሩን የከበቡት ነገሮች ናቸው። ከባትሪው የሚመጣውን ኃይል ለሞተሩ የሚያዘጋጀው ኢንቨርተር አለ። ቻርጅ መቀበያው አለ። ሁሉንም የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ አለ። ባለ 12 ቮልቷ ትንሽ ባትሪ ደግሞ አለች፤ እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ መኪናው አይነቃም። ብዙ ሰው «መኪናዬ ሞተ» ብሎ የሚደነግጠው በዚች ትንሽ ባትሪ ነው።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ሃዩንዳይ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ145 ሺህ በላይ የሃዩንዳይና የጀነሲስ የኤሌክትሪክ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ጥፋቱ የሞተሩ አልነበረም፤ ባለ 12 ቮልቷን ባትሪ የሚሞላው የቻርጅ መቆጣጠሪያ ክፍል ነበር። የሞተር ችግርም ታይቶ ያውቃል። የቴስላ ሞዴል ኤስ የመጀመሪያ መኪኖች ሞተራቸው እየጮኸ ብዙ ባለቤቶች አስቀይረዋል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 ያደረገው ምን መሰላችሁ? የሞተሩን ዋስትና ስምንት ዓመት፣ ያለ ኪሎ ሜትር ገደብ አደረገው። ወጪውን እሱ ተሸከመ።

እዚህ ጋ ነው የእኛ ጉዳይ የሚለየው። እነዚያ ባለቤቶች የሚጠራቸው ኩባንያ፣ የሚከፍልላቸው ዋስትና ነበራቸው። አዲስ አበባ በየመንገዱ የምናየው ቮልስዋገን አይዲ 6 ግን ለቻይና ገበያ ብቻ ተብሎ የተሠራ መኪና ነው። ያስገቡት ነጋዴዎች ናቸው። አምራቹ እዚህ አገር አልሸጠውም፤ ስለዚህ ቢበላሽ አይመለከተውም። መኪናውን የሚያነብበው ሶፍትዌርም እዚያው ቻይና ነው። መካኒኩ ስህተቱን የሚነግረውን ኮምፒውተር ካላገኘ፣ ያለው አማራጭ ዕቃ እየቀየሩ መሞከር ነው። እያንዳንዱ ሙከራ በዶላር ይመጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ያለፈው ዶላር፣ የመለዋወጫውንም ዋጋ ይዞ ነው የወጣው። ነዳጅ ላይ ያዳንነው ገንዘብ በአንድ ኢንቨርተር ሊሄድ ይችላል።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጽሑፍ ጽፎ ነበር፤ በኋላ የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆኗል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጩ የመኪናውን ድብቅ ችግር ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለሚፈራ ለሁሉም መኪና ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አልሸጥም ይላል፤ ገበያው ላይ የሚቀረው መጥፎው ነው። የነዳጅ መኪና ሲሆን ቢያንስ የምታምኑት መካኒክ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ድምፁን ሰምቶ፣ ጭሱን አይቶ ይነግራችኋል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ግን አይጮህም፣ አያጨስም። ጤናው 95 በመቶ ይሁን 70 በመቶ በዓይን አይታይም። የትራንስፖርት ሚኒስቴር ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች አገር ውስጥ እንዳሉ ተናግሯል። እነዚህ መኪኖች ሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ሲወጡ የሚገዛቸው ማን ነው? የባንክ ብድር ይዞ ራይድ ልሥራ የሚል የእኛ ዕድሜ ልጅ ነው። የቤተሰብ እቁብ አውጥቶ የሚገዛ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ቻይና ራሷ እ.ኤ.አ. ከማርች 2025 ጀምሮ በዓመታዊው የመኪና ምርመራ ላይ የባትሪውንና የሞተሩን ሙቀት፣ የመቆጣጠሪያውንም ደህንነት መፈተሽ ጀምራለች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ እያንዳንዱ የመኪና ባትሪ ዲጂታል ፓስፖርት እንዲኖረው ደንግጓል። እኛ ደግሞ ቦሎ አለን። በየዓመቱ ፍሬንና መብራት የምንፈትሽ ከሆነ፣ የባትሪውን ጤና በኮምፒውተር አንብቦ ወረቀት ላይ ማስፈር ከባድ ሥራ አይደለም። ያ ወረቀት ከሊብሬው ጋር ይያዝ። ሽያጭ ሲፈጸም ገዢው ይየው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ለአስመጪዎች ነው። መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና ተጨማሪ እሴት ታክስን፣ ኤክሳይዝንና ሱር ታክስን ትቶ ነበር። ይሄ ከሕዝብ ካዝና የወጣ ድጎማ ነው። ድጎማ የወሰደ ነጋዴ መመርመሪያ ሶፍትዌር፣ የጥገና መመሪያና ዋና ዋና መለዋወጫ አብሮ እንዲያቀርብ ቢጠየቅ ምን ይበዛበታል? «ዋጋ ይጨምራል» የሚሉ አሉ። አዎ፣ ትንሽ ይጨምራል። አሁን ያለው አሠራር ግን ወጪውን አላስቀረውም፤ ከአስመጪው ላይ አንስቶ ከሦስት ዓመት በኋላ በገዢው ጫንቃ ላይ ጫነው እንጂ።

ሦስተኛው ጉዳይ መካኒኮቻችን ናቸው። እነዚህ መኪኖች ውስጥ ያለው ኃይል 400 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ ብርቱካናማውን ገመድ ያለ ሥልጠና የነካ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የሙያና ቴክኒክ ኮሌጆች ይህን ትምህርት በስፋት ካልሰጡ ሥራው በሁለት ሦስት ትልልቅ ጋራዦች እጅ ይወድቃል። ያኔ ዋጋውን እነሱ ይቆርጡታል።

እስከዚያው ድረስ መኪና ያላችሁም፣ ልትገዙ ያሰባችሁም እነዚህን ያዙ፦

አንደኛ፣ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ሲጎድል የቧንቧ ውኃ አትጨምሩ። መመሪያው ያዘዘውን ዓይነት ብቻ ጨምሩ፤ ሞተሩንም ኢንቨርተሩንም ባትሪውንም የሚጠብቀው እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ላቫጆ ስትሄዱ ኮፈኑን አስከፍታችሁ በኃይለኛ ውኃ «ሞተር እጠብልኝ» አትበሉ።

ሦስተኛ፣ የባትሪችሁን ዓይነት እወቁ። እንደ ቢዋይዲ ያሉ ኤልኤፍፒ ባትሪ የያዙት በየጊዜው እስከ 100 በመቶ ቢሞሉ ጥሩ ነው። ኒኬል ያለባቸው ግን ለዕለት ሥራ 80 በመቶ ይበቃቸዋል።

አራተኛ፣ ባትሪው ከወለሉ ሥር ነው። ጉብታ ላይ ከታች ከመታችሁ በክሬን አስነስታችሁ አሳዩት።

አምስተኛ፣ ስትገዙ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፤ የባትሪው ጤና በመቶኛ፣ ዋስትናውን የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ የስህተት ኮዱን የሚያነብ ጋራዥ የት እንዳለ። ሻጩ ለሦስቱም መልስ ከሌለው ያንን የመልስ ማጣት ከዋጋው ላይ ቀንሱ፤ ካልቀነሰ ወደሚቀጥለው ሻጭ ሂዱ።

ትራንስፖርት ሚኒስቴርም ለዓመታዊው ምርመራ የባትሪና የሞተር ፍተሻ መቼ እንደሚጨምር ቀኑን ይንገረን። መኪናውን ግዙ ብሎናል፤ ገዝተናል። የቀረው የእሱ ድርሻ ነው።