ሲሚንቶው ሳይደርቅ

«ለአንተ መኪና ምን ያደርግልሃል? ባጃጅ ሞልቶ፣ ሰው ሞልቶ!» የሚለኝ ሰው ክፉ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚወደኝ ዘመድ ወይም የሚያዝንልኝ ጎረቤት ነው። ይህችን ጽሑፍ የምጽፋትም ከክፉዎች ጋር ሳይሆን ከደጋጎቹ ጋር ለመሟገት ነው። ክፉውን ሕግም ይሉኝታም ይመልሰዋል፤ ደጉን ግን ካልተከራከሩት በቀር በደግነቱ እንደ በደለ ይኖራል።

ተወልጄ ያደግሁት በወረባቦ፣ ቢስቲማ ነው። ቀኝ እግሬን ገና በልጅነቴ ፖሊዮ ወስዶታል፤ የምሄደው በክራንች ነው። እንጀራዬ ደሴ ነው፤ እናቴ ቢስቲማ ናት። በሁለቱ መካከል፣ በሐይቅ በኩል ያለውን መንገድ እስከ ዛሬ የተመላለስሁበት በሌላ ሰው ፈቃድ ነው፤ ረዳቱ ሲታገሠኝ፣ በመናኸሪያው ግፊያ መካከል አንድ ደግ ሰው ክንዴን ሲይዘኝ። አሁን ግን ከእቁብ ባገኘሁት ገንዘብ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ተነሥቻለሁ። በፍለጋዬ ያየሁትም የእኔ ብቻ ጉዳይ ሆኖ አላገኘሁትም።

ነገሩ ወዲህ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ፣ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር ውስጥ እንደማይገቡ አስታወቁ። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የከበደ ቀረጥ ጥሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስን፣ ኤክሳይዝንና ሱር ታክስን አነሣ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የዓባይ ግድብ ተመረቀ። የዚህ ሁሉ ምክንያት አልተደበቀም፤ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። እግራችን የማይታዘዘን ሰዎች በዚያ ስሌት ውስጥ አልነበርንም። ይሁን። ያልታሰበልን ነገር ሳይታሰብ የሚበጀን ሆኖ መጣ፤ ቁምነገሩ አሁን አውቀን እንጠቀምበት እንደ ሆነ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም፤ ማርሽ አይቀየርም። «ቪትዝስ ኦቶማቲክ አይደለችምን?» ለሚለኝ፣ አዎን ናት። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች እግርን ከነዳጅ መስጫው (ነዳጅ ባይኖርም ስሙ ቀርቶበታል) ሲያላሉት መኪናው ራሱ ይቀዘቅዛል፤ በየደቂቃው ወደ ፍሬን መዝለል አያስፈልግም። ለሁለት እግር ሰው ይህ ምቾት ነው፤ በግራ እግሩ ወይም በእጁ ለሚነዳ ሰው ግን ኃይል ቆጥቦ ከቤቱ የሚገባበት ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ የነዳጅ ሞተር በዚህ ከፍታ አየር ያንሰዋል፣ የኤሌክትሪኩ ግን አየር አይስብም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ከፍታው ብቻ ከባትሪው 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ሲወርድ ከዚያው ከፊሉን ይመልሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የነዳጅ ማደያ ሰልፍ የለም። በ220 ቮልት፣ በ10 አምፔር የሚሠራ ተራ ቻርጀር በስምንት ሰዓት ሌሊት ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ኃይል ይሞላል። በክራንች ላይ ቆሞ ወረፋ ጠብቆ የማያውቅ ሰው የዚህን ትርጉም ከወረቀት ላይ አያገኘውም።

እንግዲህ መኪናው ለእኛ ይስማማል። የማይስማማን ገበያው ነው። መኪና ሊያሳየኝ የመጣው ደላላ ዋጋውን የነገረው አብሮኝ ለመጣው ለታናሽ ወንድሜ ነው። ገንዘቡ የእኔ፣ መንጃ ፈቃዱ የእኔ፣ ሊብሬው በስሜ ሊዞር፤ ንግግሩ ግን ከወንድሜ ጋር! ስለ ባትሪው ብጠይቀው «አንዴ ከሞላ 400 ይሄዳል» አለ። ያ ቁጥር መኪናው አዲስ ሳለ በቻይና የሙከራ መለኪያ የተሰጠው ነው፤ በአዲሱም ቢሆን በእውነተኛ መንገድ ላይ ይቀንሳል፣ ባገለገለው ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። የባትሪው ጤንነት ከመኪናው ኮምፒዩተር በስካነር ሊነበብ ይችላል። ይነበብልኝ ስል ሻጩ ተቆጣ፤ በሰውነቱ የጠረጠርሁት መሰለው።

አንባቢ ይፍረደኝ። ባትሪው በሐይቅና በቢስቲማ መካከል በምሽት ቢያልቅ፣ እግረኛው ሰው ተራግሞ፣ መኪናውን ቆልፎ ይሄዳል። እኔ መኪናው ውስጥ አድራለሁ። ለሌላው ኪሳራ የሆነ ውሸት ለእኔ አደጋ ነው። ስለዚህ «የባትሪውን ጤንነት በጽሑፍ ስጡኝ» ማለት ጥርጣሬ አይደለም፤ ዓመታዊ ምርመራ አድርጎ ቦሎ የሚለጥፍ አገር፣ የባትሪውንም መጠን በስም ዝውውር ጊዜ በወረቀት ላይ ማስፈር አያቅተውም።

ቀጥሎ የቻርጁ ነገር አለ። ከቻይና የሚመጡት መኪኖች የሚሞሉበት ሶኬትና የአውሮፓው ሶኬት አንድ አይደሉም፤ ይህን ሳያጣራ የገዛ ሰው መኪና ይዞ መሰኪያ ይለምናል። ብዙ ቤቶች የመሬት ገመድ ስለሌላቸው ቻርጀሩ እንቢ ይላል። ተከራይ የሆነ ሰው በጋራ ቆጣሪ ምክንያት ከአከራዩ ጋር ይጣላል። ፈጣኖቹ ቻርጅ ማድረጊያዎች አብዛኛዎቹ አዲስ አበባ ላይ ተከማችተዋል፤ ለቢስቲማ ሰው ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። በአንድ ከተማ ያየሁት ማድረጊያ ደግሞ ከፍ ባለ ጠርዝ ላይ የተተከለ፣ ገመዱ እንደ ዘንዶ የከበደ ነበር። በክራንች የቆመ ሰው ገመዱን ለመሳብ ክራንቹን መጣል አለበት፤ ክራንቹን ከጣለ ይወድቃል። ይህን ያቀደው መሐንዲስ ጨካኝ አልነበረም። አላሰበንም እንጂ።

አለማሰብ ግን በሲሚንቶ ይጻፋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች አካል ጉዳተኞች የሚገቡበት መንገድ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ በደሴም በኮምቦልቻም ስንት ሕንፃ በደረጃ ብቻ ተሠራ? ሲጠየቁ መልሱ አንድ ነው፤ «አሁንማ ተሠርቶ አለቀ፣ ማፍረስ ይሆናል።» ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች ስምምነት በ20ኛው አንቀጹ፣ ሰው በመረጠው መንገድና ጊዜ፣ በሚችለው ዋጋ ይንቀሳቀስ ዘንድ መንግሥታት እንዲተጉ ይላል። በእንግሊዝ አገር ለአካል ጉዳተኞች የሚመች ቻርጅ ማድረጊያ እንዴት እንደሚተከል የሚናገረው «ፓስ 1899» የተባለ መመዘኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ያን ጊዜ በዚያ አገር ሺህ በሺህ የሚቆጠር ማድረጊያ ተተክሎ ነበር። እነርሱ ዘግይተዋል። እኛ ገና መጀመራችን ነው፤ በመጀመራችን ብቻ ልንቀድማቸው እንችላለን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት አባቶች ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

«አገሪቱ ድኻ ናት፤ ጤነኛው መኪና ሳይኖረው ለእናንተ እንዴት?» የሚለውን ክርክር ዐውቀዋለሁ። ጤነኛው መኪና ባይኖረው እግር አለው። እኔ የምጠይቀው ደግሞ ስጦታ አይደለም። የማድረጊያው ጠርዝ ዝቅ ቢል ሲሚንቶው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ የባትሪው ጤንነት ቢጻፍ የሚከስረው ዋሾ ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ በመጣ ጊዜ በዚህ ምድር ላይ እግራቸውን ያጡ ወጣቶችን ደግሞ አትርሱ። እነዚያ ልጆች ነገ ሠርተው፣ ቆጥበው፣ ያገለገለ መኪና ሊገዙ ይመጣሉ። ያን ጊዜም ደላላው ለወንድማቸው ዋጋ ይንገር?

ለደጋጎቹ ወዳጆቼ የምለው ይህን ነው። ክንዴን ስለያዛችሁልኝ ዘመን እግዜር ይስጥልኝ። ከእንግዲህ ግን ስለ ክንዴ ሳይሆን ስለ ጠርዙ ተናገሩልኝ። ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ላይ ስትቀመጡ፣ ማድረጊያ ሊተከል ፕላን ሲዘረጋ፣ «በክራንች የቆመ ሰው ይህን ገመድ እንዴት ያነሣዋል?» ብላችሁ አንድ ጊዜ ጠይቁ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ጠይቁ።