ገበያን የሰበከ፣ ገበያ ያጣ መጽሔት

በየክርክራችን አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። አንዱ ይነሳና «የዋሽንግተን ምሁራን በጥናት ያረጋገጡት ነው» ይላል፤ ቤቱ ጸጥ ይላል። የትኞቹ ምሁራን? የት የታተመ ጥናት? ለማተሚያ ቤቱስ የከፈለው ማን ነው? የአገራችንን ጋዜጣ «የማን ልሳን ነው?» ሳንል የማንገልጥ ሰዎች፣ ነገሩ በእንግሊዝኛ ሲሆን ጥያቄያችንን ምን ዋጠው?

እስቲ አንድ ምሳሌ ላንሳ። «ዘ አሜሪካን» የሚባል የንግድና የመንግሥት ፖሊሲ መጽሔት ነበር። አሳታሚው አሜሪካን ኢንተርፕራይዝ ኢንስቲትዩት ነው። ይህን ተቋም እ.ኤ.አ. በ1938 የመሠረቱት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሳይሆኑ የኩባንያ ሰዎች ናቸው፤ ዋናው ሉዊስ ብራውን የጆንስ ማንቪል ኃላፊ ነበር። (ኩባንያው ኋላ በአስቤስቶስ ሕመምተኞች ክስ ተጥለቅልቆ በ1982 የኪሳራ ከለላ የጠየቀው ነው።) የተቋሙ ሥራ መንግሥት በንግድ ላይ እጁን እንዳያበዛ መከራከር ነው። ይህ ወንጀል አይደለም፤ ግን ይታወቅ!

መጽሔቶቹም በየተራ መጡ። በ1977 «ሬጉሌሽን» ወጣ፤ ስሙ እንደሚለው የመንግሥት ቁጥጥርን የሚመረምር፣ አብዝቶም የሚተች ነበር። ከአዘጋጆቹ አንዱ አንቶኒን ስካሊያ ነው፤ በ1986 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ የተሾመው ያው ሰው! መጽሔቱ ኋላ ወደ ኬቶ ኢንስቲትዩት ተዛወረ። በ1978 «ፐብሊክ ኦፒኒየን» ተጨመረ። በ1986 ተቋሙ ራሱ ገንዘብ አጥሮት ሊወድቅ ተንገዳገደና ፕሬዚዳንቱ ለቀቁ። በ1990 ደግሞ «ዘ አሜሪካን ኢንተርፕራይዝ» መጣ። ከ1994 ጀምሮ ያዘጋጀው ካርል ዚንስማይስተር በ2006 የፕሬዚዳንት ቡሽ የአገር ውስጥ ፖሊሲ አማካሪ ሆኖ ዋይት ሐውስ ገባ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ መጽሔቱ ቀርቶ «ዘ አሜሪካን» ተተካ፤ አዘጋጁ ጄምስ ግላስማን። እሱም በ2008 የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹመኛ ሆነ። ከአዘጋጅ ወንበር እስከ ሥልጣን ወንበር ስንት እርምጃ ነው? እናንተው ቁጠሩት።

ግላስማን ማለት በ1999 ከኬቪን ሃሴት ጋር ሆኖ «ዳው 36,000» የሚል መጽሐፍ የጻፈ ነው። የአክሲዮን ገበያው መለኪያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 36,000 ይደርሳል ብለው ነበር። ቁጥሩ የደረሰው በ2021 ነው! በመካከሉ በመጋቢት 2009 ከ7,000 በታች ወርዷል። ዎል ስትሪት በተናወጠበት በዚያው በ2008 «ዘ አሜሪካን» መታተሙን አቆመና በድረ ገጽ ብቻ ቀረ። የታተመው ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ተመልከቱልኝ፤ ገበያ ሁሉን ይዳኛል እያለ ያስተማረ መጽሔት ራሱ በገበያ አልኖረም። የተወለደውም የኖረውም ከቀረጥ ነጻ በሆነ ስጦታ በሚተዳደር ተቋም ጉያ ነው። ድሃው ድጎማ ሲቀበል «ጥገኛ» የሚባልበት አገር ላይ ይህ አያስቅም?

በየካቲት 2007 የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ይህ ተቋም የተባበሩት መንግሥታትን የአየር ንብረት ሪፖርት ለሚተቹ ጽሑፎች 10,000 ዶላር ለሳይንቲስቶች እንዳቀረበ፣ ከኤክሰን ሞቢልም ከ1.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳገኘ ጻፈ። ተቋሙ «የተለመደ የጥናት ክፍያ ነው፣ ድምዳሜ አልገዛንም» ብሎ አስተባበለ። ሁለቱንም ወገን ሰምተን እንፍረድ። ግን ነዳጅ ሻጩ ስለ ጭሱ ለሚጽፍ ተቋም ገንዘብ መስጠቱን ሳያውቅ የሚያነብ ሰው በምን ይፈርዳል?

ጽሑፎቹ ሁሉ ውሸት ናቸው አላልኩም። እኔም አንብቤ የተማርኩባቸው አሉ፤ ከብዙ የኛ መግለጫዎች ይልቅ በቁጥርና በማስረጃ የተሞሉ ናቸው።

«ታዲያ ይዘጉ ልትል ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም! የገንዘብ ምንጭን ሰበብ አድርጎ አፍ መዝጋት ምን እንደሚመስል እኛ ኢትዮጵያውያን አይተነዋል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ፤ እስከ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድረስ ስንቱ ማኅበር ሽባ ሆኖ ከረመ! እኔ የምለው ይከልከል ሳይሆን ይገለጥ ነው። የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያሉ ተቋማት የለጋሾቻቸውን ስም ለሕዝብ እንዲዘረዝሩ አያስገድድም። ስለዚህ መጠየቅ የአንባቢው ፋንታ ነው።

ደግሞም ነገሩ ወደ ራሳችን ይመጣል። በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ በአውሮፓ «የጥናት ተቋም እናቋቁም፣ መጽሔት እናውጣ» የምትሉ ወገኖች፣ ሐሳባችሁ ግሩም ነው፤ አዋጡ ስትሉኝም አዋጣለሁ። ግን የመጀመሪያው እትም የመጀመሪያ ገጽ ላይ ማን ስንት እንደሰጠ በግልጽ አስፍሩልን፤ የኔንም ስም ጭምር።