ያልተጠየቀ ጥያቄ መልስ የለውም

ርዕሰ አንቀጽ

ኮዴይን ለሕመም ማስታገሻና ለሳል በብዙ አገሮች ሲታዘዝ የኖረ መድኃኒት ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ከፊሉ ወደ ሞርፊን ይለወጣል። ይህን ለውጥ የሚያካሂደው ዘረመል (ጂን) ከተለመደው በላይ ቅጂ ያላቸው ሰዎች ግን ሞርፊኑ ቶሎና በብዛት ይመረትባቸዋል። በ1996 (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዶክተር እሌኒ አክሊሉና የስዊድን ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶው እንዲህ ያለ ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው አረጋገጠ። በስዊድናውያን ዘንድ ቁጥሩ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ሲከለክልና የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት ሲመክር ዋናው ምክንያት ይኸው ነበር። በወላድ እናት ጡት አልፎ ወደ ጨቅላው የሚደርሰው ሞርፊን የሕፃኑን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላልና።

ውድ አንባብያን! ይህ ጉዳይ የእኛ ቤት ጉዳይ ነው። ታዲያ ስለ እኛ ደም እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያነሣው ማን ነው? በቤተ ሙከራው ውስጥ የእኛን ሕዝብ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ጥያቄው ሳይነሣ ዘመናት ሊያልፉ ይችላሉ።

ወደዚያ ቤተ ሙከራ የሚያስገባው በር ደግሞ ጠባብ ነው። በጤና ሳይንስ ዶክትሬት ያገኘ ወጣት በማግስቱ የራሱ ቤተ ሙከራ አይኖረውም። አስቀድሞ በአንድ አንጋፋ ሳይንቲስት ሥር ለበርካታ ዓመታት በድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪነት ማገልገል አለበት። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት (ኤንአይኤች) በ2024 ለጀማሪ ድኅረ ዶክትሬት የወሰነው ዓመታዊ አበል 61,008 ዶላር ነበር። በቦስተን ወይም በዋሽንግተን ዙሪያ ቤት ተከራይቶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ አገር ቤት ላሉት ወላጆችም በየወሩ ለሚልክ ሰው ይህ ገንዘብ የት እንደሚደርስ አንባቢ ያውቀዋል። የወላጅ ሀብት ያለው ይህን ዘመን ተደግፎ ይሻገረዋል። የሌለው ሳይንሱን ትቶ የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት ይሄዳል።

በሳይንሱ ዓለም ቁጥራቸው ጥቂት ለሆነ ወገኖች የተለየ የገንዘብ ድጋፍ የተዘጋጀው ለዚህ ነበር። ባሮውስ ዌልካም ፈንድ የተባለው የግል ድርጅት በዚህ ረገድ ለድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪዎች ገንዘብ ሲሰጥ ቆይቷል። መንግሥት ደግሞ ከድኅረ ዶክትሬት ወደ ራስ ቤተ ሙከራ የሚያሻግረውን ሞዛይክ የተባለ ፕሮግራም አቁሞ ነበር። በ2025 ግን የአሜሪካ መንግሥት በብዝኃነት ስም የሚሰጡ ድጋፎችን ሲሰርዝ ሞዛይክም አብሮ ተዘጋ። በሰኔ ወር የቦስተኑ ፌዴራል ዳኛ ዊሊያም ያንግ የምርምር ገንዘቦቹ ስረዛ ሕገ ወጥ ነው ብለው ቢፈርዱም፣ በነሐሴ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ወደ 783 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋው ቅነሳ ክርክሩ እስኪያልቅ እንዲቀጥል ፈቀደ።

«ገንዘብ በቀለም ሳይሆን በችሎታ ይሰጥ» የሚሉ አሉ። ችሎታ ይቅደም በሚለው እኛም እንስማማለን። ይሁን እንጂ በ2011 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ትምህርታቸው፣ ሥልጠናቸውና የኅትመት ሥራቸው ከተመዛዘነ በኋላ እንኳ ጥቁር አመልካቾች የኤንአይኤችን ዋና የምርምር ገንዘብ የማግኘት ዕድላቸው ከነጮቹ በ10 መቶኛ ነጥብ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከልዩነቱ ከ20 በመቶ በላይ የሚሆነው ከሚመርጡት ርዕስ የመጣ መሆኑን ገለጠ፤ ስለ ማኅበረሰብና ስለ ሕዝብ ጤና የሚጠይቁ ማመልከቻዎች የመጽደቅ ዕድላቸው ዝቅተኛ ነውና። ስለ ወገኑ የሚጠይቅ ተመራማሪ በጥያቄው ምክንያት ጭምር ወደ ኋላ ይቀራል ማለት ነው። ይህ የችሎታ ሚዛን ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ጥያቄ የት እንደሚገኝ የራሳችን ታሪክ ይነግረናል። በ1964 ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ፤ በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድን የሚያውቅ ሰው ነበር ወንዙን የተመለከተው።

እንግዲህ በስደት ያለነው ወገኖች እጃችንን አጣጥፈን የዋሽንግተንን ፍርድ እንጠብቅ? አይገባም። አንድ መቶ ቤተሰብ በወር 10 ዶላር ቢያዋጣ በዓመት 12,000 ዶላር ይሆናል። ይህ ደመወዝ አይተካም፤ ነገር ግን ለአንዲት ድኅረ ዶክትሬት እናት የልጅ መዋያ፣ ለሌላው የጉባኤ ጉዞ ሊሸፍን ይችላል። ዕድርና ዕቁብ ለለመደ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የገንዘብ ጠብ ስንቱን ማኅበራችንን እንዳፈረሰ ስለምናውቅ ግን ሒሳቡ በውጭ ኦዲተር ይመርመር፤ ተረጂዎቹም በሃይማኖትና በብሔር ሳይሆን በሥራቸው ይመረጡ። በየዩኒቨርሲቲው የደረሱ አንጋፋ ምሁሮቻችንም የወጣቶቹን ማመልከቻ አንብበው ያርሙ፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ስለ ልጆቻችን ደምና መድኃኒት የሚጠይቁትን ወጣቶች ዛሬ ካልደገፍናቸው፣ ነገ መልሱን ከማን ልንጠብቅ ነው?