በግንቡ ፊት የተነሣነው ፎቶ



የትምህርት ቤት መዝጊያ በቀረበ ቁጥር ከምዕመናን የሚመጣልን አንድ ጥያቄ አለ። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ በመኪና ማቆሚያው ላይ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚጠየቀው። «ፓስተር፣ ልጆቹ ዲዝኒ ውሰዱን እያሉ አስቸገሩን። ብንሄድ ችግር አለው?» አንዳንዶቹ የሚፈልጉት ፈቃድ ነው። ሌሎቹ ደግሞ እንድንከለክልላቸውና «ፓስተር አይሆንም ብለዋል» ብለው ከልጆቻቸው እንዲገላገሉ ነው። ይህን ሁለተኛውን አገልግሎት መስጠት ካቆምን ቆይተናል።

ቶሎ ብለን እንመልሰው። ከቤተሰብ ጋር ወጥቶ መደሰት ኃጢአት አይደለም። በዘዳግም ምዕራፍ 14 እግዚአብሔር ሕዝቡን ከምርታቸው አሥራት ለይተው እርሱ ወደ መረጠው ስፍራ እንዲሄዱ ያዛል፤ መንገዱ ቢርቅባቸው ምርቱን ሸጠው ገንዘቡን ይዘው እንዲሄዱ፣ እዚያም የወደዱትን ገዝተው ከነቤተሰባቸው በፊቱ በልተው ደስ እንዲላቸው ይነግራቸዋል። ልጆችን አሰልፎ፣ ስንቅ ቋጥሮ መንገድ መውጣት በመጽሐፍ ቅዱስ ያልታወቀ ነገር አይደለም። እኛን የሚያሳስበን እንዴት እንደምንሄድ፣ ስንመለስም ምን ይዘን እንደምንመለስ ነው።

ቦታውን ለማታውቁት ጥቂት እንበል። ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1971 የተከፈተ ነው። ያሰበው ሰው ራሱ ሲከፈት አላየውም፤ በዲሴምበር 1966 ሞቷል። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። በውስጡ አራት ትልልቅ ፓርኮች አሉ፤ በፎቶ የምታዩት ግንብ የሚገኘው በመጀመሪያው፣ በማጂክ ኪንግደም ነው።

ታዲያ እዚያ ዝም ብሎ አይኬድም። ተፈላጊ በሆኑት ምግብ ቤቶች ወንበር የሚያዘው ከ60 ቀን በፊት ጀምሮ ነው። እንግዳ በር ላይ ከቆመ በኋላ ወጥ ላይ ውኃ የምንጨምር ሰዎች ከሁለት ወር በኋላ ማክሰኞ ምሳ ምን እንደምንበላ ስንወስን ማየት ያስቃል። ላይትኒንግ ሌን የሚባለው የወረፋ ማሳጠሪያ ደግሞ አለ፤ ቀድሞ በሌላ ስም በነጻ ይሰጥ የነበረው ከ2021 ጀምሮ በክፍያ ሆኗል። የመግቢያ ዋጋው እንደ ቀኑ ይለያያል። ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ከ100 ዶላር ያልፋል፤ በበዓል ሰሞን በማጂክ ኪንግደም ከዚያም በጣም ይበልጣል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በነጻ ይገባል፤ አሥር ዓመት የሞላው ግን እንደ አዋቂ ይከፍላል። እስቲ በ150 ሂሳብ እናስበው። አምስት ሰው ቢሆን ለአንድ ቀን መግቢያ ብቻ 750 ዶላር ነው፤ ማደሪያው፣ መንገዱ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ ምግቡና ልጆቹ የሚያለቅሱበት አሻንጉሊት ገና አልተነካም። (ምግብ ይዞ መግባት እንደሚፈቀድ ብዙ ሰው አያውቅም። ጠርሙስና አልኮል አይሁን እንጂ ዳቦውን፣ ቆሎውን፣ ፍራፍሬውን ይዛችሁ ግቡ፤ ማንም አይከለክላችሁም።)

ጌታችን በሉቃስ 14 ግንብ ሊሠራ ስለሚወድና አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ስለሚያሰላ ሰው ተናግሯል። የተናገረው ስለ ደቀ መዝሙርነት ዋጋ መሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን ምሳሌው የሠራው ሰሚዎቹ ሁሉ ወጪን ሳያሰሉ መጀመር ሞኝነት እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ዕውቀት በክሬዲት ካርድ ምክንያት ጠፍቷል። ለአራት ቀን ሽርሽር ሁለት ዓመት ሙሉ ወለድ የከፈሉ ባልና ሚስት በቢሯችን ተቀምጠው አልቅሰዋል። ያስለቀሳቸው ግን ዕዳው ብቻ አልነበረም። ከመናፈሻው የላኩትን ፎቶ አገር ቤት ያለ ወንድም አይቶት፣ ከወር በኋላ ለእናት መድኃኒት ገንዘብ ሲጠይቅና «አሁን የለንም» ሲባል፣ «ለመዝናናት ሲሆን አለ፣ ለእናት ሲሆን የለም» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ወንድምየው ተሳሳተ እንበል? ያየውኮ እኛ ያሳየነውን ነው። ሳቁን፣ ግንቡን፣ አዲሱን ካናቴራ ላክንለት፤ የካርዱን ደረሰኝ አልላክንለትም። ያ የዘዳግም ምዕራፍ ደስ ይበላችሁ ካለ በኋላ ሌዋዊውን አትርሱ፣ መጻተኛውና ድሀ አደጉ መበለቲቱም በልተው ይጥገቡ ይላል። ደስታችሁን ስታቅዱ አገር ቤት ላለችው እናት የምትልኩትንም በዚያው ወረቀት ላይ ጻፉት፤ እርሱ ሲጻፍ አራቱ ቀን ሁለት ቀን ሊሆን ይችላል። ሁለት ቀን ለልጅ ብዙ ነው።

እኛም ሄደናል፤ ይህን የምንጽፈው ከላይ ሆነን አይደለም። በ2014 ሰመር ላይ ሦስት ልጆቻችንን፣ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡትን የባለቤታችንን እናትም ይዘን ከቨርጂኒያ በመኪና ወረድን፤ መንገዱ 13 ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ዓይነት ካናቴራ አሠርተን ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ በየሰዓቱ የት እንደምንሆን የሚናገር ወረቀትም አትመን ይዘናል። ስብከት ስናዘጋጅ እንኳ እንዲህ ተጨንቀን አናውቅም። የፍሎሪዳ የሐምሌ ሙቀት ግን ወረቀት አያነብም፤ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ነጎድጓዳማ ዝናብም እንደዚሁ።

በግንቡ ፊት ፎቶ የምንነሣበት ሰዓት ሲደርስ የስምንት ዓመቷ ልጃችን እግሯ ታሞ፣ ፊቷ በላብ ቀልቶ ታለቅስ ነበር። አንድ ጊዜ ሞከርን፣ ዓይኗን ጨፈነች። ሁለተኛ ሞከርን፣ ዞረች። ባለቤታችን «ተዋት፣ ደክሟታል» ብትለንም አልሰማንም። ልጅቷን ክንዷን ይዘን ወደ ጎን ወሰድናትና፣ ይህን ሁሉ ገንዘብ ያወጣነው ለእርሷ መሆኑን፣ አመስጋኝ አለመሆኗንም ነገርናት። ሰው እንዳይሰማ በአማርኛ ነበር የተናገርነው። እንባዋን ጠረግንላትና ቆመች። ሳቀችም። ፎቶው በጣም ጥሩ ወጣ። ለዘመድ ሁሉ ላክነው፣ አሳጥበን ሳሎን ሰቀልነው፤ ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ «እንዴት ደስ የሚል ቤተሰብ ነው» ይለናል።

ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት ወደ ኮሌጅ ልትሄድ ዕቃዋን በምትሰበስብበት ሳምንት፣ ከዚያ ፎቶ ሥር ቆማ፣ በቁጣ ሳይሆን እንደ ቀላል ነገር፣ «ይሄ አባዬ የጮኸብኝ ቀን ነው» አለች። አሥር ዓመት ሙሉ በዚያ ፎቶ ሥር ቁርሷን ስትበላ የምታየው እርሱን ነበር። በእኛ ባህል አባት ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም፤ ፓስተር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ይቅርታ ጠየቅናት። ፎቶው እንዲወርድ ብንፈልግም እንዲቆይ የጠየቀችው እርሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ስለ ፎቶ ማሰብ ጀመርን። ሊንዳ ሄንከል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2014 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰዎች በሙዚየም ውስጥ አንዳንዱን ዕቃ ፎቶ እንዲያነሡ፣ ሌላውን በዓይናቸው ብቻ እንዲያዩ ተደረገ። በማግሥቱ ሲጠየቁ፣ ያነሡትን ካዩት ያነሰ አስታወሱ። የዕቃውን አንድ ክፍል ብቻ አቅርበው ያነሡት ግን ይህ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ይህ ለእኛ እንግዳ አልሆነብንም፤ ከዚያ ጉዞ ከ900 በላይ ፎቶ ይዘን ተመልሰን ብዙዎቹን ስናያቸው የት እንደነበርን ማወቅ አቅቶናል።

ይህን ስንል ፎቶ አታንሡ ማለታችን አይደለም። በኢያሱ 4 ከዮርዳኖስ ወንዝ መካከል አሥራ ሁለት ድንጋዮች የተወሰዱት ልጆች ሲጠይቁ ታሪኩ እንዲነገራቸው ነው። ድንጋዮቹ ግን ያልሆነውን አልተናገሩም፤ ወንዙ ሞልቶ እንደነበርና ያሻገረው እግዚአብሔር እንደሆነ ይመሰክሩ ነበር። ልጅ ስለ ፎቶው ሲጠይቀን እውነቱን ልንነግረው ካልቻልን ምን አስቀመጥን? ጴጥሮስም በተራራው ላይ የጌታን ክብር ባየ ጊዜ ሦስት ዳስ እንሥራ አለ፤ ሉቃስ የሚለውን እንደማያውቅ ይጽፍለታል። እርሱን ስልክ ይዘን ስንሮጥ እናስታውሰዋለን።

በተግባር ስለ ፎቶው የምንመክረው ይህ ነው። የመጀመሪያውን ፎቶ ጠዋት፣ ከመኪና ስትወርዱ አንሡት። ልጆቹን በዚያን ቀን ልብሳቸውና ጫማቸው አንድ በአንድ አንሥታችሁ ያዙ፤ ስልክ ቁጥራችሁንም በክንዳቸው ላይ ጻፉ። ልጅ ቢጠፋባችሁ ለሠራተኞቹ የምታሳዩት ያንን ነው። ዮሴፍና ማርያም ጠንቃቆች ነበሩ፤ ያም ሆኖ ከበዓሉ ሲመለሱ የአሥራ ሁለት ዓመቱን ኢየሱስ ከዘመድ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፣ ያገኙትም ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ብቻ፣ ለተወሰነ ሰዓት፣ ስልክ ይያዝ። የራስ ፎቶ ማንሻ ዱላ አትግዙ፤ ለደኅንነት ሲባል ከ2015 ጀምሮ ተከልክሏል። በየቦታው የቆሙ የፓርኩ ፎቶ አንሺዎች አሉ፤ ብትጠይቋቸው በራሳችሁ ስልክ ያለ ክፍያ ያነሡላችኋል። ይህን የምንለው በተለይ ስለ እናቶች ነው። ከቤታችን የጉዞ ፎቶዎች በአብዛኛው ባለቤታችን የለችም፤ ሁልጊዜ የምታነሣው ወይም ቦርሳ የምትጠብቀው እርሷ ነበረችና።

በዚያ ጉዞ የባለቤታችን እናት ስፕላሽ ማውንቴን በሚባለው ላይ ወጥተው ነበር። ዛሬ በዚያ ስም የለም፤ በ2023 ተዘግቶ በሌላ ስም ተከፍቷል። በግንድ ቅርጽ በተሠራ ጀልባ ቀስ ብሎ ከተሄደ በኋላ ከ15 ሜትር በላይ ወደ ውኃ ቁልቁል የሚወረወር ነው። ልጆቹ «ጀልባ ነው እማማ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው» ብለው አታለሏቸው። ጀልባው ሲወረወር የተተከለ ካሜራ ሁሉንም ያነሣል፤ መውጫው ላይ ፎቶው በስክሪን ይታያል። እማማ ነጠላቸው ወደ ላይ ተንሳፎ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ አፋቸው ተከፍቶ «ኢየሱስ!» ሲሉ ነው የተነሡት። ከኋላቸው ልጆቹ በሳቅ ታጥፈዋል፤ ያቺ በግንቡ ፊት ያለቀሰችው ልጃችን የአያቷን ትከሻ ይዛለች። ከዚያ ሁሉ ፎቶ ማንም ያልተዘጋጀበት ይህ ብቻ ነበር። ለአንድ ወረቀት ዋጋው በዛብንና ሳንገዛው ወጣን።

እማማ ባለፈው ዓመት በጌታ አረፉ። ለቅሶ ሊደርሱን የመጡ ሰዎች ከጸሎቱ በኋላ ተቀምጠው ሳለ ልጆቹ ያንን ፎቶ ማውራት ጀመሩ፤ ነጠላው እንዴት እንደሄደ፣ ጫማቸው እንዴት በውኃ እንደተሞላ፣ ከወረዱ በኋላ ቆመው እንዴት ጸሎት እንዳደረጉና «አሁን ደግሞ አንድ ጊዜ እንሂድ» እንዳሉ። የለቅሶ ቤቱ በሳቅ ሞላ። አንዲት እናት ዓይናቸውን እየጠረጉ «እስቲ አሳዩን» አሉ። የለንም አልናቸው። ልጃችን ተነሥታ የእናቷን ነጠላ ለበሰችና አሳየቻቸው።