ቺፑን በመጨረሻ ምረጡ

በቤቱ የብሉቱዝ ስፒከር ለመሥራት የተነሳ ወጣት አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ዳክ ይሻላል?» ብሎ ነው። ዳክ የሚባለው ዲጂታሉን ድምፅ አምፕሊፋየር ወደሚቀበለው የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጠው ቺፕ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መቅደም ግን የለበትም ባይ ነኝ። ወጣቱ ገንዘቡን ትልቅ ቁጥር ለተጻፈበት ቺፕ አውጥቶ ስፒከሩንና ሳጥኑን በተረፈችው ሲያብቃቃ ያሳዝነኛል።

ስልካችን ሙዚቃውን በብሉቱዝ የሚልከው ጨምቆ ነው። በብዛት የሚሠራበት ኤስቢሲ የተሰኘው ዘዴ በተለመደው ከፍተኛ ጥራቱ በሰከንድ 328 ኪሎቢት ያህል ያስተላልፋል፤ ሲዲ ላይ ያለው ሙዚቃ ግን 1,411 ኪሎቢት ነው። ተቀባዩ ቦርድ የተጨመቀውን ፈትቶ ባለ 16 ቢት ድምፅ ያወጣል፤ የዚህ ስፋቱ፣ ማለትም በጣም ጸጥ ባለውና በጣም በሚጮኸው ድምፅ መካከል ያለው ልዩነት፣ 96 ዴሲቤል ገደማ ነው። ታዲያ እስከ 129 ዴሲቤል የሚደርሰው ኢኤስ9038ኪው2ኤም የተባለ ዳክ ምን ይጨምርልናል? ከኋላው ሌላ የማጉያ ሰርኪዩት ይፈልጋል፤ ብሉቱዙ ያልላከውን ድምፅ ግን ሊፈጥር አይችልም።

ይህ ማለት ዳክ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ብዙዎች ለተቀባይነት የሚጠቀሙበት ኢኤስፒ32 የተባለው ቦርድ በውስጡ ያለው ለዋጭ 8 ቢት ብቻ ነው። ለምሳሌ የበገና ድምፅ እየሳሳ ሲሄድ ሽሽ የሚል ጫጫታ ይውጠዋል። ስለዚህ የውጭ ቺፕ ግድ ነው። ቦርዱን ስትገዙም ስሙን በደንብ አንብቡ፤ ኤስ3 እና ሲ3 የሚባሉት ዝርያዎች ሙዚቃ የሚተላለፍበትን የቀድሞውን ብሉቱዝ አይዙም።

የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። በባትሪ ለሚሠራ አነስተኛ ስፒከር ማክስ98357ኤ ይበቃል። ዳክና አምፕሊፋየር በአንድ ላይ ነው፤ በ5 ቮልት ባለ 4 ኦም ስፒከርን እስከ 3.2 ዋት ያስጮኻል። አንዱ ቺፕ አንድ ስፒከር ብቻ ስለሚነዳ ለስቴሪዮ ሁለት ያስፈልጋል። የስፒከሩን የኔጌቲቭ ገመድ ግን ከግራውንድ ጋር አታገናኙ፤ ሁለቱም መውጫዎቹ ምልክት ይሸከማሉ።

ለብቻው የቆመ ትልቅ አምፕሊፋየር ላለው ደግሞ ፒሲኤም5102ኤ የተሻለ ነው። ስፋቱ 112 ዴሲቤል ነው፤ የሚፈልገውን የሰዓት ምልክት (ክሎክ) ራሱ ስለሚያመነጭ የድምፅ መረጃው በሦስት ገመድ ይደርሰዋል። ገጣጥማችሁት ድምፅ ካላወጣ ኤክስኤስኤምቲ የተባለውን ፒን ፈትሹ፤ 3.3 ቮልት ካላገኘ ቺፑ ድምፁን ይዘጋል።

የተረፈው ገንዘብ ሁሉ ለስፒከሩ፣ ለሳጥኑና ለኃይል ምንጩ ይዋል። የዝግ ሳጥን መጋጠሚያ አየር ካስወጣ ቤዙ ይሳሳል፤ ጣውላው ቀጭን ከሆነ ይንቀጠቀጣል። ባትሪው ወይም ቻርጀሩ ድምፁ ሲጨምር ቮልቴጁ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ የየትኛውም ቺፕ ድምፅ ይሰባበራል። እነዚህ ጉድለቶች ያለ መለኪያ በጆሮ ይታወቃሉ፤ በ112 እና በ129 ዴሲቤል መካከል ያለውን ልዩነት ግን በብሉቱዝ የሚያዳምጥ ሰው አይለየውም።

ስለዚህ በመጀመሪያ ስፒከሩ የት እንደሚቀመጥና ምን ያህል መጮህ እንዳለበት ወስኑ። ቀጥሎ ስፒከሩን፣ ሳጥኑን፣ ኃይሉን። እዚህ ከደረሳችሁ በኋላ የሚያስፈልጋችሁን ቺፕ ሥራው ራሱ ይነግራችኋል፤ ብዙ ጊዜም ከርካሾቹ አንዱ ነው።